የበቀል ካውቦይ ፊልም ልታዩ ነው? የትኛውን ትመርጣላችሁ?

የድሮዎቹን የሆሊውድ የበቀል ፊልሞች ታሪክ በአንድ ትንፋሽ መናገር ይቻላል። አንድ ሰው ቤተሰቡን ይገድሉበታል። ፈረሱን ይጭናል። ገዳዮቹን ፍለጋ ይወጣል። ታሪኩ ይህን ያህል ከተመሳሰለ ታዲያ ሰው በምን ይመርጣል?

ብዙ ሰው በተዋናዩ ስም ወይም በተኩሱ ብዛት ይመርጣል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ይህ ፊልም በደም መላሹ ያምናል ወይስ ይጠራጠረዋል? አንዳንዱ ፊልም ከጎኑ ተሰልፎ «ደግ አደረግክ» ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ አብሮት ይጋልብና መንገድ ላይ «እውን የምታሳድደው ትክክለኛውን ሰው ነው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ለአንድ ምሽት የሚሆናችሁን ፊልም የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ መከራከር የሚወድ ሁለተኛውን።

የማነሳቸው ፊልሞች በአብዛኛው ከ1950 እስከ 1961 የተሠሩ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻቸውን አልናገርም፤ በተለይ ሁለቱ ፊልሞች መጨረሻቸውን አውቃችሁ ካያችኋቸው ግማሽ ጣዕማቸው ይጠፋል።

«ዘ ሰርቸርስ» ወይስ «ዊንቸስተር 73»?

የምርጥ ዌስተርኖች (የካውቦይ ፊልሞች) ዝርዝር በወጣ ቁጥር አናቱ ላይ የሚቀመጠው የዳይሬክተር ጆን ፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» (1956) ነው። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2008 ከዌስተርኖች ሁሉ አንደኛ አድርጎታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከእሱ ይጀምራል። እኔ ግን ከእሱ አትጀምሩ እላለሁ። ታላቅ ፊልም መሆኑን ሳልጠራጠር ነው ይህን የምለው።

ታሪኩ ቴክሳስ ውስጥ በ1868 ይጀምራል። ጆን ዌይን የሚጫወተው ኢታን ኤድዋርድስ የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ወንድሙ ቤት ይመጣል። ኮማንቺ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተዋጊዎች ከብት ነድተው የአካባቢውን ወንዶች ከቤታቸው ያርቋቸዋል። ኢታን ሲመለስ ቤቱ ተቃጥሏል። ወንድሙና የወንድሙ ሚስት ተገድለዋል። ሁለቱ ሴት ልጆች ተወስደዋል። ፍለጋው ይጀመርና ዓመታት ይፈጃል።

እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነው። ከዚያ ግን ቀስ እያለ አንድ የሚያስፈራ ነገር ይገባችኋል። ኢታን ትንሿን ዴቢን የሚፈልጋት ሊያድናት አይደለም። ከኮማንቺዎች ጋር ስላደገች ሊገድላት ነው። አብሮት የሚንከራተተው ወጣት ማርቲን ይህን ያውቃል። ለዓመታት ከጎኑ የማይለየውም ዴቢ በተገኘች ቀን እጁን ለመያዝ ነው።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። መንገድ ላይ የተቀበረ የኮማንቺ ተዋጊ ያገኛሉ። ኢታን ሽጉጡን አውጥቶ የአስከሬኑን ዓይኖች በጥይት ይመታል። ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ በኮማንቺዎች እምነት ዓይን የሌለው ሰው ወደ መንፈሶች አገር አይገባም፣ ለዘላለም በነፋሶች መሀል ይንከራተታል። ሰውየው በቀሉ ከሞት ወዲያም እንዲሻገር ነው የሚፈልገው። ደግሞም ልብ በሉ፣ ይህን ለማድረግ የሚጠላውን ሕዝብ እምነት ከማንም በተሻለ ማወቅ ነበረበት። ቋንቋቸውንም ይናገራል። የጥላቻውን ጥልቀት ፎርድ ያሳየን በዚህ ነው።

ጠላቱም ተራ ጠላት አይደለም። የኮማንቺው አለቃ ስካር ሁለት ወንዶች ልጆቹን ነጮች ገድለውበታል። እሱም ደሙን እየመለሰ ነው። ሁለቱ ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን የማን ደመኛ እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። ቂም ቤተሰብ ለቤተሰብ ሲወራረስ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ከአየር የመጣም አይደለም። በ1836 ቴክሳስ ውስጥ ሲንቲያ አን ፓርከር የምትባል ልጅ በኮማንቺዎች ተወስዳለች። እዚያው አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ ከኖረች በኋላ በ1860 ነጮች በግድ መለሷት። ከልጆቿ አንዱ ኳና ፓርከር የታወቀ የኮማንቺ መሪ ሆኗል። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው አለን ለሜይ እንዲህ ዓይነት ታሪኮችን ያውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን አትጀምሩበት እላለሁ? አንደኛ፣ የሚከብድ ፊልም ነው። ጆን ዌይንን በሌሎች ፊልሞች ጀግና ሆኖ ካላያችሁት፣ እዚህ ያንን ጀግና ምን እንዳደረገው አይሰማችሁም። ሁለተኛ፣ ዛሬ የሚያሳፍሩ ነገሮች አሉበት። ስካርን የሚጫወተው ጀርመን የተወለደ ነጭ ተዋናይ ነው። ኮማንቺ ሆነው የሚታዩት አብዛኞቹ ሰዎች ናቫሆ የሚባሉ ሌላ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ፊልሙ የተቀረጸው ቴክሳስ ሳይሆን ዩታና አሪዞና ድንበር ላይ ባለው በናቫሆዎች ምድር፣ በሞኑመንት ቫሊ ነውና። ማርቲን ሳያውቅ «ያገባት» የኮማንቺ ሴት ደግሞ መሳቂያ ተደርጋለች። እኔ ያንን ክፍል ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። ፊልሙ ዘረኝነትን እያጋለጠ ራሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ይህን አውቆ የሚያይ ተመልካች ብዙ ያተርፋል። ሳያውቅ የሚያይ ግን ሊዘጋው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የአንተኒ ማንን «ዊንቸስተር 73» (1950) እዩ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 92 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ይይዛችኋል።

ቦታው ካንሳስ ውስጥ ያለችው ዶጅ ሲቲ ናት። ቀኑ ጁላይ 4፣ 1876፣ የአሜሪካ ነፃነት መቶኛ ዓመት። የዒላማ ውድድር አለ፤ ሽልማቱ እንከን የሌለው የዊንቸስተር ጠመንጃ ነው። ጄምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ሊን ማክአዳም ለዚህ ጠመንጃ ብሎ አልመጣም። አንድ ሰው እያሳደደ ነው። ሰውየውን ቡና ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት እጃቸውን ወደ ወገባቸው ይሰዳሉ። ወገባቸው ላይ ግን ሽጉጥ የለም። ሕግ አስከባሪው ዋያት ኧርፕ ከተማው የገባውን ሰው ሁሉ መሣሪያ አስፈትቷል። ባዶ እጃቸውን አቀርቅረው እንደቆሙ የሚተያዩት አስተያየት የፊልሙን ግማሽ ይነግራችኋል። እንዲህ የሚጠላሉ ሰዎች በደንብ የሚተዋወቁ መሆን አለባቸው። ከየት እንደሚተዋወቁ ፊልሙ እስከ መጨረሻው አካባቢ ይደብቃል።

ከዚያ ጠመንጃው ይሰረቅና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቁማርተኛ ነጋዴ ያገኘዋል፣ የጎሳ አለቃ ይወስደዋል፣ ፈሪ እጮኛ እጅ ይገባል፣ ከእሱም ወደ ወሮበላ ይሻገራል። የያዘው ሁሉ ይጠፋበታል። በየመሀሉ ሊን ከኋላ ይከተላል።

የዚህ ፊልም ትልቁ ነገር የስቱዋርት ፊት ነው። ከዚህ በፊት ሰው የሚያውቀው እንደ ደግ፣ እንደ ዓይናፋር የጎረቤት ልጅ ነበር። መሀል ላይ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እያበረረ ተዋግቶ ተመልሷል። እዚህ ፊልም ውስጥ የአንዱን ወሮበላ ክንድ ጠምዝዞ ባንኮኒ ላይ ሲደፋው ዓይኑን እዩት። ያ ሰው የሚያስፈራው ወሮበላውን ብቻ አይደለም። ማንና ስቱዋርት ከዚህ ጀምረው ስምንት ፊልም አብረው ሠርተዋል፣ አምስቱ ዌስተርን ናቸው። በነገራችን ላይ ስቱዋርት ለዚህ ፊልም ከደመወዝ ይልቅ ከትርፉ ድርሻ ነበር የወሰደው፤ ከዚያ በኋላ የብዙ የሆሊውድ ተዋናዮች መደራደሪያ ሆኗል።

«ዊንቸስተር 73» በደም መላሹ ያምናል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጓደኛው ሃይ ስፔድ በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ይህ ሁሉ ሲያበቃ ምን ልትሆን ነው? ሊን መልስ የለውም። ያቺን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ «ዘ ሰርቸርስ» ስትሻገሩ ኢታን ይገባችኋል።

ጊዜ ከሌላችሁ

«ሰቨን ሜን ፍሮም ናው» (1956) 78 ደቂቃ ነው። ባድ ቤቲከር ነው የሠራው፣ ዋናው ተዋናይ ራንዶልፍ ስኮት ነው። ንግግሩ አጭርና ቁጥብ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ፊልም ያለ ትርጉም ጽሑፍ ማየት ለሚከብደው ሰውም ይቀላል።

አከፋፈቱ ከማውቃቸው ሁሉ ምርጡ ነው። ሌሊት ነው፣ ዶፍ ይወርዳል። ሁለት ሰዎች ዋሻ ውስጥ እሳት አንድደው ቡና ያፈላሉ። አንድ የበሰበሰ ሰው ከጨለማው ብቅ ይላል። ቡና ይሰጡታል፣ ያወራሉ። ከዚያ ካሜራው ወደ ውጭ ይወጣና ፈረሶቹን ያሳየናል። ተኩስ እንሰማለን። ማን ማንን እንደገደለ ማንም አልነገረንም፣ ግን ገብቶናል።

ያ የበሰበሰው ሰው፣ ስኮት የሚጫወተው ስትራይድ፣ የቀድሞ ሸሪፍ ነው። ምርጫ ተሸነፈ። ምክትል ሁን ሲሉት ኩራቱ አልፈቀደለትም። እሱ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ሚስቱ ዌልስ ፋርጎ በሚባለው የገንዘብና የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ተቀጠረች። ሰባት ሰዎች ወርቅ ሊዘርፉ ሲገቡ እዚያ ስለነበረች ገደሏት። ስለዚህ ስትራይድ ገዳዮቹን ሲያሳድድ የራሱን ጥፋትም ተሸክሞ ነው። ፊልሙ ይህን በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነግሮን ያልፋል፤ ስኮት ደግሞ ፊቱ ላይ ምንም ሳያሳይ ሁሉንም ያሳያል። ሊ ማርቪን እንደ ክፉ ሰው ይገባል፣ ግን ከሁሉም የምትወዱት እሱን ሊሆን ይችላል። በዝናብ ውስጥ አራት ሰዎች ሸራ በለበሰ ጋሪ ላይ ተጠጋግተው ቡና ሲጠጡ ማርቪን የሚያወራትን «ተረት» ጆሮ ሰጥታችሁ ስሟት። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ሰው እንዴት እንደሚቆስል ታያላችሁ።

ሚስቱ የተገደለችበት ሰው፦ ሁለት መንገድ

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት በጣም ደስ ይላል፤ መነሻቸው አንድ ነው።

በሄንሪ ኪንግ «ዘ ብራቫዶስ» (1958) ግሪጎሪ ፔክ ጂም ዳግላስን ሆኖ ሪዮ አሪባ ወደምትባል ከተማ ይመጣል። አራት ሰዎች ሊሰቀሉ ነው። እሱ የመጣው ስቅላታቸውን ለማየት ነው። ሚስቱን የገደሉት እነሱ ናቸው ብሎ ያምናል። ሰዎቹ ሲያመልጡ አንድ በአንድ እያሳደደ ይይዛቸዋል። የያዘውን ሰው ሁሉ የሚስቱን ፎቶ አውጥቶ ያሳየዋል። «አይቻት አላውቅም» ይላሉ። እሱ መስማት አይፈልግም። እናንተስ? ሰዎቹ ወንጀለኞች መሆናቸውን እያያችሁ ነው፤ ስለዚህ እናንተም መስማት አትፈልጉም። ፊልሙ ወጥመዱን የሚዘረጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ዳግላስ ካቶሊክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑና ቄሱ በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ንስሐ ማለት ምን እንደሆነ ከልጅነቱ እየሰማ ያደገ ሰው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ከሌላው ተመልካች በተለየ ስሜት ያያቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የጆን ስተርጀስ «ላስት ትሬን ፍሮም ጋን ሂል» (1959) ሌላውን መንገድ ይሄዳል። ኪርክ ዳግላስ ማት ሞርጋን የሚባል ማርሻል፣ ማለትም ሕግ አስከባሪ፣ ነው። ቼሮኪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነች ሚስቱን ሁለት ወጣቶች ደፍረው ይገድሏታል። ትንሹ ልጁ በአንደኛው ገዳይ ፈረስ ያመልጣል። ኮርቻው ላይ ሁለት ፊደል ተቀርጿል። ሞርጋን ኮርቻውን ያውቀዋል፤ የድሮ ጓደኛው የክሬግ ቤልደን ነው። ቤልደን (አንተኒ ክዊን) ጋን ሂል የሚባለውን ከተማ እንዳለ የያዘ ባለጸጋ ሆኗል። ገዳዩ ደግሞ የሱ አንድያ ልጅ ነው።

ሞርጋን ልጁን ይዞ ሆቴል ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ በካቴና ያስረዋል። የመጨረሻው ባቡር ማታ በ9 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር። እስከዚያ ድረስ ከተማው በሙሉ ተቃዋሚው ነው። ሊገድለው ይችላል፣ ማንም አያየውም። እሱ ግን ሕግ ፊት ሊያቀርበው ይፈልጋል። ይህ ግን ሞርጋንን ርኅሩኅ አያደርገውም። ለታሰረው ልጅ ፍርድ ቤቱንና ስቅላቱን ቀስ እያለ፣ እየጣመው የሚተርክበት ንግግር አለ። እዚያ ላይ ሕጉም በቀሉም አንድ ላይ ናቸው። ክዊን ደግሞ ልቤን ይሰብረዋል። ልጁ ጥፋተኛ መሆኑን ያውቃል። ግን አባት ነው።

የትኛው ይሻላል? ለአንድ ምሽት፣ ለልብ ምት፣ «ጋን ሂል»። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ማውራት ከፈለጋችሁ «ብራቫዶስ»። ሁለቱም የሚጀምሩበት ወንጀል አስገድዶ መድፈር ስለሆነ ከልጆች ጋር አይታዩም፤ ድርጊቱ በግልጽ ባይታይም ክብደቱ አለ።

ረጅሙና ያልተለመደው

ማርሎን ብራንዶ በሕይወቱ አንድ ፊልም ብቻ ነው ያዘጋጀው፣ እሱም «ዋን-አይድ ጃክስ» (1961) ነው። 141 ደቂቃ ይፈጃል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል። ግን እንዲህ ዓይነት ዌስተርን ሌላ አላየሁም። በረሃው በባሕር ይተካል። ሪዮ የሚባለው ሽፍታ ጓደኛው ክዶት አምስት ዓመት በሜክሲኮ እስር ቤት ይማቅቃል። ሲወጣ ያ ጓደኛ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ የተከበረ ሸሪፍ ሆኗል። ሁለቱ ሲገናኙ አይታኮሱም። ተቃቅፈው፣ ፈገግ ብለው ይዋሻሻሉ። አንዱ «አልከዳሁህም» ይላል፣ ሌላው «ቂም የለኝም» ይላል። ሪዮ ብድሩን የሚመልስበት መንገድ ደግሞ የሸሪፉን የእንጀራ ልጅ የሚጎዳ ነው፤ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍለው እያያችሁ ትሄዳላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚህ ፊልም የቅጂ መብት ለዓመታት ሳይጠበቅ ስለቀረ ደብዛዛና የደበዘዘ ቀለም ያላቸው ቅጂዎች በየቦታው ሞልተዋል። በ2016 ዩኒቨርሳልና ፊልም ፋውንዴሽን ያደሱትን ቅጂ ፈልጉ። የባሕሩ ቀለም ከጠፋ ፊልሙ ግማሹን ያጣል።

ከልጆች ጋር፣ እና ከሁሉም በኋላ

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ «ትሩ ግሪት»ን ምረጡ። ደም መላሿ የ14 ዓመት ልጅ ናት። አባቷን የገደለውን ቶም ቼኒን ለመያዝ ጠጪና ጨካኝ የሆነ ማርሻል ትቀጥራለች። የ1969ኙ ጆን ዌይንን ኦስካር ያሸለመ፣ ፀሐያማና ቀለል ያለ ነው። የ2010ሩ የኮኤን ወንድማማቾች ጨለም ያለ ነው፣ የልጅቷም ነው፤ በቀሉ እሷን ምን እንዳስከፈላት አይደብቅም። ለትንንሾቹ የድሮውን፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች አዲሱን አሳዩ።

የክሊንት ኢስትዉድ «አንፎርጊቨን» (1992) በዕድሜ ከድሮዎቹ ይርቃል። ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ወስዷል። ዋዮሚንግ ውስጥ ሁለት ካውቦዮች የአንዲት ሴተኛ አዳሪን ፊት በስለት ይቆራርጣሉ። ሸሪፉ በፈረስ ካሳ ሊዘጋው ይሞክራል። ሴቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ገዳይ ያፈላልጋሉ። የሚመጣው የድሮ ነፍሰ ገዳይ ዛሬ አሳማ የሚያረባ፣ ሚስቱ የሞተችበት የሁለት ልጆች አባት ነው። ፈረስ ላይ መውጣት እንኳ ያቅተዋል።

ይህን በመጀመሪያ አትዩት። እዚህ ፊልም ውስጥ የድሮ ዌስተርኖች የሸለሟቸው ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ይመረመራሉ፤ ፈጣኑ እጅ፣ ጀግናው፣ ስለጀግናው የሚጻፈው መጽሐፍ ሳይቀር። የሚመረመረውን ካላወቃችሁ ምርመራው ዝም ብሎ ዝግ ያለ ፊልም ይመስላችኋል። ቅዳሜ ማታ «ዊንቸስተር»፣ እሑድ ከሰዓት «ዘ ሰርቸርስ» ካያችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለ«አንፎርጊቨን» ዝግጁ ናችሁ። «ዘ ሰርቸርስ»ን ግን በስልክ አትዩት። የሞኑመንት ቫሊ ቀይ ድንጋዮች ሰውን እንዴት እንደሚያሳንሱት ለማየት ቤት ውስጥ ያለው ትልቁ ስክሪን ያስፈልጋችኋል።